ለታላቅ የማይባለው ቃል

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጄ ስታስነጥስ እንኳ ልቤ ይወርዳል። ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከእንግሊዝኛ የማውቀው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሪዲኪዩለስ። በሰማሁት ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ከአፏ አይጠፋም ነበር። ዝናብ እየዘነበ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሪዲኪዩለስ። እኔ በጠራራ ፀሐይ «ካፖርት ልበሺ» ስላትም እንደዚያው።

«ስድብ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አይ እማ። ነገሩ ከልክ አልፎ ሲያስቅ ነው። ሰው ጉድጓድ ቢገባ አይባልም፤ ወጥቶ ስልኩን እያየ እዚያው መልሶ ቢገባ ይባላል።»

«ለታላቅስ?»

«ለታላቅ ነውር ነው።»

«ታዲያ እኔን በቀን ስንቴ ነው የምትይኝ?»

«አንቺማ እናቴ ነሽ!»

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ጠዋት ሆዷን አሟት ወለሉ ላይ ተጠቀለለች። ብርድ ልብስ ያለበትን ማዳበሪያ ከበሩ ሥር አፈፍ አድርጌ፣ ከወልቂጤ አታት ሆስፒታል እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ማርያምን ስጠራ ነበር። ትርፍ አንጀት ነው ብለው ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አስገቧት።

ስትወጣ ዓይኗ አልተገለጠም። «ማደንዘዣው ነው፣ ትነቃለች» አለችኝ ነርሷ። በየት ጆሮዬ ልስማ? «እስከዚያ አልብሻት እናቴ፣ ይበርዳታል።»

ማዳበሪያውን ፈታሁት። ቆጮ! አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክ ጋግሬ በኮባ የጠቀለልኩት ቆጮ። የቆጮውንና የብርድ ልብሱን ማዳበሪያ በሩ ሥር ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የጎን አልጋ አስታማሚ ጋቢዋን አውልቃ ለልጄ ደረበችላት። እኔ ቆጮዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ አፍ አፏን አያለሁ። ባትነቃስ?

ቆይቶ ዓይኗ ተገለጠ። እኔን አየች፤ ኮባውን አየች።

«እማ… ቆጮ?»

«ብርድ ልብስ መስሎኝ…»

«ሪዲኪዩለስ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

እልል አልኩ! ነርሷ ሮጣ መጣች። «ምን አለችሽ?»

«ለታላቅ የማይባል ነገር!» አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

ከዚያ ኮባውን ፈትቼ ለአስታማሚዎቹ ሁሉ ቆረስኩ። ትልቁን ለባለ ጋቢዋ ሰጠኋት።