ሁለት ካምቢዮ በአንድ ሳፋ

ጥድፌ ቁጭ ብሎ ምሳ ሲበላ ያየ ሰው ጋራዡ ውስጥ የለም። ቆሞ ይጎርሳል፣ እየተራመደ ስልክ ያወራል፣ ደንበኛው ነግሮ ሳይጨርስ ቡሎን መፍታት ይጀምራል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ታላቅ እህቱ ግን እስከዛሬ “አንተ ልጅ” ነው የምትለው፤ ሃምሳ መሙላቱን ቢነግሯትም አትሰማም።

ይህች እህቱ በአንዲት አሮጌ መኪና ለየሱቁ ዳቦ እያደረሰች አሳድጋዋለች። መኪናዋ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ከቆመች ቆይታለች። ሰኞ ደግሞ እህቱ የግራ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ሐኪሙ ሕመሙ እንደሚቆም፣ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ እንደማይታጠፍ ነግሯታል። የማይታጠፍ እግር ፍሪሲዮን አይረግጥም።

“ከዚያ በፊት አንዴ ልንዳት” አለችው።

“ቅዳሜ ነይ” አላት፣ ሳያስብ።

ለመለዋወጫ ከታረደ መኪና ሌላ ካምቢዮ አመጣ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው። ቀኑ ሲያጥርበት ሁለቱንም ፈታታና ማርሾቹ ሲገቡ እንዳይንኮሻኮሹ የሚያደርጉትን የነሐስ ቀለበቶች በአንድ ሳፋ ናፍጣ ዘፈዘፋቸው። ይህን ሌላ መካኒክ ቢያደርገው ኖሮ የጥድፌ ጩኸት ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከቀለበቶቹ ያማሩትን መርጦ የእህቱን ካምቢዮ ገጠመና ሞከረው። ሦስተኛ ማርሽ እንደ ወፍጮ ጮኸ እንጂ አልገባም። ያኔ ትዝ አለው፦ ፋብሪካው አንዱን ካምቢዮ ከሠራ በኋላ፣ ሌላውን ሳይሠራ፣ የቀለበቶቹን የውስጥ ተዳፋት ለውጦታል። በዓይን አይለይም። የትኛው ከየትኛው ካምቢዮ እንደወጣ አሁን የሚያውቅ የለም። እንደገና ፈታው።

እህቱ በምርኩዟ ስትደርስ ጥድፌ በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ እየተሽከረከረ ነበር።

“ደረሰ?”

“ሊደርስ ነው፣ እታለም።”

“ሊደርስ ነው ማለትህን ከጥርስህ ጋር ነው ያበቀልከው። ምን ሆነ?”

ነገራት። ሳቀች፤ ከዚያ ለራሷ የቀረበላትን ዱካ በምርኩዟ ወደሱ ገፋችው።

“ቁጭ በል።”

“ቆሜ ይሻለኛል።”

“ቆመህማ አየነው!”

ተቀመጠ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ስር ይርገፈገፋል። ማርሾቹ ዘንጋቸው ላይ ስለነበሩ አልተቀላቀሉም። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ በየማርሹ አንገት ላይ ሰካ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ጠመዘዘ። የራሱ የሆነው ይነክሳል፤ ባዕዱ ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ሊነሳ ሲል ምርኩዟ ትከሻውን ነካው።

ሲጨርስ ቀለበቶቹ ሁለት ክምር ሆነዋል። ያመጣው ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ ሌላ ዘር ነው፤ አንድም የሚሆናት የለውም። ከእህቱ መኪና ቀለበቶች ሦስቱ ደህና ናቸው። የሦስተኛው ማርሽ ቀለበት ግን አልቋል፤ ሲሰካ ክፍተት ሳያስቀር ማርሹ ላይ ይለጠፋል።

“ያመጣሁትን ቀለበት ትንሽ ሞርጄ ላስገባው። ለዛሬ ይይዛል።”

“ጠዋት የጮኸውን?”

ያነሳውን ሞረድ መልሶ አስቀመጠ።

“የመኪናዋን የራሷን መልስ።”

“እታለም፣ አልቋል እኮ! ማርሹን አያስገባልሽም።”

“እኔ መንዳት የተማርኩት ቀለበት በሌለው መኪና ነው። ሁለቴ እየረገጥኩ አስገባዋለሁ።”

ሁለቴ መርገጥ ማለት ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን መንቀል፣ ለቅቆ እንደገና ረግጦ ማስገባት ነው፤ በዚህ መሀል የማርሾቹ ፍጥነት ያለ ቀለበት ይገጥማል።

“በዚያ ጉልበት?”

“ከሰኞ ወዲያ ለማይታጠፍ ጉልበት ምን እሰስታለሁ?”

ጀንበር ሳትጠልቅ ካምቢዮው ቦታው ገባ። እህቱ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ከመሪው ስር አስገባች። እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ በመጀመሪያ ማርሽ ተነሱ፣ ሁለተኛ አስገባች። ከዚያ ረገጠች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ረገጠች። ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛ ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ።

ሜዳው ጫፍ ላይ ስትዞር ሁለተኛ መለሰች፣ ስትወጣ እንደገና ሦስተኛ። ላብ በግንባሯ ወረደ። ጥድፌ የበሩን እጀታ ይይዛል፣ ይለቃል፤ ግራ እግሩ ባዶውን ወለል ሁለቴ ሁለቴ ይረግጣል።

“በቃሽ፣ እታለም። እያመመሽ ነው።”

“አንተ ልጅ፣ እግርህን ሰብስብ” አለችው፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል። “ገና አራተኛ አላስገባሁም።”