በአያቴ ጋቢ ውስጥ የነበረው ሳቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በነበረው የድንጋይ ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን አያቴ አባ ኪሮስ ነበሩ። ኩራዙ ከግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ጣሪያውን ያጠቁራል፤ ምድጃው ላይ የወይራው ግንድ ፍም ሆኖ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ አባ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ እኔም ከጎናቸው ተለጥፌ፣ ጆሮዬን ጎድናቸው ላይ አስደግፌ እሰማለሁ። ያኔ ያንን ቦታ የመረጥሁት ለሙቀቱ ነበር፤ ቢያንስ አሁን ሳስበው እንደዚያ ይመስለኛል።

ቤታችን የካህን ቤት ስለ ነበር በትልቅ ሰው ፊት ጥርስ እያሳዩ መሳቅ ነውር ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ፣ ታላቅ እህቴ አበባ በመዳፏ አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። አባ ግን ከነጭራሹ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ እንባችን እስኪወርድ ስንስቅ የእርሳቸው ፊት የቅዳሴ ፊት እንደ ሆነ ይቀራል። እናቴ አንድ ቀን ስትጠይቃቸው፣ «እኔ ከሳቅሁማ እናንተ ምን ልትሠሩ ተቀመጣችሁ?» አሏት።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው የጾመኛውን ጅብ ነበር። ጅብ በዐቢይ ጾም ንስሐ ገብቶ ሥጋ ተወ። ረሃቡ ሲጠናበት ከደሃና ወደ ሰቆጣ በሚያመጣው መንገድ ላይ አንዲት አህያ አገኘ።

«ምን በልተሽ አደግሽ?» አላት።

«ሳር።»

«ሌላስ?»

«ሳር ብቻ።»

«እንግዲያማ አንቺ ሥጋ አይደለሽም፤ የተከመረ ሳር ነሽ። ብበላሽ ጾሜን አልገድፍም።»

«ልክ ነህ አያ ጅቦ፤ ግን ሳርም ቢሆን ጾመኛ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምስም» አለችው።

ጅቡ አፈረ። ሰዓቱን ለማወቅ እንደ ካህናቱ ቆሞ ጥላውን በእግሩ መለካት ጀመረ። ነገር ግን እግሩ አራት ነው፤ የፊቶቹ «ደርሷል» ሲሉት የኋላዎቹ «ገና ነው» ይሉታል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይሳሳታል። አህያዪቱ ሰቆጣ ገባች። «እሱ ግን አሁንም እየለካ ነው» ብለው አባ ይጨርሳሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ከቄስ ትምህርት ቤት አውጥተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገቡኝም እርሳቸው ነበሩ። አንዳንድ ዘመዶቻችን በዚህ አልተደሰቱም። እኔ ደግሞ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ነገር ከአፌ ማውጣት የማልችል ልጅ ስለ ነበርሁ፣ አምስተኛ ክፍል ገብቼ በእንግሊዝኛ ሰዓት አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወራት አለፉ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ግርማ ከደሴ የመጣ፣ ክራባቱን የማይፈታ፣ ፈጽሞ የማይስቅ ሰው ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ጫኔ «ጥርሱን ደሴ ረስቶት ነው የመጣው» ይል ነበር። ይህ መምህር አባን አስጠርቶ፣ «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ ግን አፉን ካልከፈተ ወደ አራተኛ ክፍል ለመመለስ እገደዳለሁ» አላቸው። አባ እስከ ቤት ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። እኔም ከኋላቸው እየተከተልሁ፣ ለዘመዶቻችን ምን ሊሉ እንደሚችሉ አስብ ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህር ግርማ ስለ ሳቅ የሚናገሩ ቃላት አደለን። እያንዳንዳችን የደረሰንን ቃል ትርጉም፣ ደግሞም መቼ እንደሚባል ተነሥተን ማስረዳት ነበረብን። ለጫኔ «ስማይል» ደረሰው፤ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ፤ አለቀ። ለእኔ «ቸክል» ደረሰኝ። ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ፈልጌ፣ አፍን ሳይከፍቱ በቀስታ መሳቅ ማለት እንደ ሆነ አወቅሁ። ይህማ የቤታችን ሳቅ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ተራዬ ሲደርስ ቆምሁና የጋቢዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

«ይህ እፍረት ነው» አለ መምህሩ። «አንተ ያሳየኸኝ ጥርሱን የሚደብቅ ሰው ነው። ቸክል የሚያደርግ ሰው ግን ማንንም አይፈራም፤ ነገሩ ጥሞት ለራሱ ነው የሚስቀው። ዓርብ እንደገና ትነሣለህ። የመጨረሻህ ነው።»

ስንወጣ ጫኔ «አንተ ቆመህ የቀረህ ችካል!» እያለ እስከ ገበያው ድረስ ተከተለኝ።

ማታ የሆነውን ለቤተሰቡ ነገርሁ። አባ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና፣ «እንግዲህ የማን ሳቅ እንደ ሆነ እንፈልገዋ!» አሉ።

«የአበባ ይሆን?» አለች እናቴ።

«የሷማ ዶሮ ያስበረግጋል» አልሁ።

«ያንተን አላየህ!» አለች አበባ። «እንደ ተነከሰ ሰው ነው የምትስቀው።»

«የጎረቤታችን የእማሆይስ?» አለች እናቴ።

«እሳቸው ከሳቁ ዝቋላ ድረስ ይሰማል» አሉ አባ።

የምናውቀውን ሰው ሁሉ ብንቆጥር የሚሆን ጠፋ። ተስፋ ስቆርጥ አባ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው የጾመኛውን ጅብ ጀመሩልኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጆሮዬን ጎድናቸው ላይ አሳረፍሁ። ጅቡ ጥላውን ሊለካ ሲቆም፣ ከጋቢው ሥር፣ ከሆዳቸው አካባቢ፣ ድስት ሊፈላ ሲል እንደሚያደርገው ያለ መንቀጥቀጥ ተሰማኝ። ድምፅ የለውም። መጥቶ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመጣል። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ያው የቅዳሴ ፊት ነው። ያን መንቀጥቀጥ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን የእርጅና ትንፋሽ ነው እያልሁ አልፌው ነበር።

«አባ! እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጮህሁ።

«ምኑ?»

«ቸክል!»

እናቴ በድንጋጤ ነጠላዋን ወደ አፏ አነሣች። አባ በጣም ኮስተር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ የካህን ሆድ ለፈረንጅ ቃል መማሪያ አይሆንም። ስሜን እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳትጠራ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ጆሮዬ ገና ከቦታው አልተነሣም ነበርና ሆዳቸው ምን ይል እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

ዓርብ ስቆም ቃሉን አውቀው ነበር፤ ማስረጃዬን ግን እንዳልጠራው ተከልክያለሁ። በእንግሊዝኛ የጀመርሁት ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ጠፋኝ። መምህር ግርማ መዝገቡን ሲያነሣ አየሁና፣ ከየት እንደ መጣልኝ ባላውቅም፣ «ሰር፣ በአማርኛ አንድ ተረት ልናገር?» አልሁት። ገረመውና ፈቀደልኝ። እኔም የአባን ፊት ፊቴ ላይ አድርጌ የጾመኛውን ጅብ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ጅቡ ጥላውን መለካት ሲጀምር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ዳስተሩን አንሥቶ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ያጠፋ ጀመር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም።

«ሰር!» አልሁ፣ ሳልጠራጠር። «ዩ አር ቸክሊንግ!»

 መምህር ግርማ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከንፈሩን ገጥሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ኮሬክት» አለ። «አምስተኛ ክፍል ትቀጥላለህ፤ ተቀመጥ።» ከዚያ ግን ሊይዘው አልቻለም፤ አፉን ከፍቶ ሳቀ።

«ኧረ ጥርስ አለው!» አለ ጫኔ።

ያን ማታ አባ፣ «እህስ?» አሉኝ።

«አልፌአለሁ፣ አባ።»

«ስሜን ጠራህ?»

«አልጠራሁም። መምህሩም እንደ እርስዎ ነው።»

አባ እሳቱን ማየት ቀጠሉ። እኔም ሄጄ ጆሮዬን ከቦታው መለስሁ፤ ጋቢው ውስጥ ድስቱ ሊፈላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ተምሬአለሁ። ከአብዛኞቹ ጋር አሁንም አልተማመንም፤ ከመጻፌ በፊት ሁለቴ አያቸዋለሁ። ያችን አንዷን ግን ከመጽሐፍ ላይ ሳገኛት ዓይኔ ከማንበቡ በፊት ጆሮዬን የጋቢ ጥጥ ያሞቀዋል። አባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም አንድ ሽማግሌ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ተረት ሲናገር ከሰማሁ፣ ሌሎቹ ፊቱን ሲያዩ የእኔ ዓይን እዚያ አይቆይም፤ ወደ ጋቢው ይወርዳል።