ሞራ የቀባሁት ፍሬን

ዓመቱን እንጃ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ እንኳ ለይቼ አላስታውስም። ውርጩን ግን አልረሳውም።

ጎንደር ውስጥ ጣልያን ጥሏት የሄደ አሮጌ ማኪና እነዳ ነበር። የፍሬን መርገጫዋ ሲረግጡት ይወርዳል፤ እግር ሲያነሡለት ግን እስከ ላይ አይመለስም፣ መሐል ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ፍሬኑ ጎማውን እንደያዘ ነው። ጎትቶ የሚመልሰው ሞላ ደክሟል፣ መታጠፊያውም ደርቋል። አዲስ ሞላ ከየት ይምጣ? የማኪና ቅባቱ ግራሶም ጠፍቶ ነበር። እኛ ሾፌሮች ያኔ ለሁሉም የምንቀባው የበግ ሞራ ነው፤ እኔም መታጠፊያውን ሞራ ለቀለቅሁት። ሸጋ ሆነች። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ስነዳት መርገጫው ከእግሬ ጋር አብሮ ይነሣ ነበር።

የሚስቴ ታናሽ ወንድም ለውትድርና ተመልምሎ ጎንደር ገብቶ ነበር። ነገ ከቀትር በፊት ይጫናሉ ሲባል፣ እናቱ ሳይሰናበቱት እንዳይቀሩ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ወገራ ውስጥ ወደሚኖሩበት አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። አማቴ ናቸው እንግዲህ። በኛ አገር አማችና አማት ይተፋፈራሉ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ማኪናዋ ደጅ አደረች። በማለዳ አማቴን ከኋላ አስቀምጬ ተነሣን። ብዙም ሳንርቅ አህዮች መንገድ ገቡብኝና ፍሬን ያዝሁ፤ መርገጫው ወርዶ ቀረ። የእግሬን ጫፍ ከሥሩ አስገብቼ አነሣሁት። ትንሽ ሄድን፣ ደግሞ ቀረ። ኮሶዬ የሚባለው ቦታ ላይ ጎማው ጢስ ጢስ ሸተተ፣ ማኪናዋም አልሄድ አለች። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ወርጄ ከመርገጫው ሥር ተደፋሁ። ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ።

«ምነው ቆሙ?» አሉኝ።

«ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው፣ እሜቴ።»

«ማኪናም ይደክማታል?»

አማቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ሞራ ይሸተኛል። የት ነው የቀቡት?»

አሳየኋቸው።

«በወገራ ውርጭ ሞራ! እኔ ቁርበት ሳለፋ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ጠዋት ድንጋይ ነው የሚሆን፣ ካላሞቁት አይላወስም። ለሞተሯ የሚያጠጧት ዘይት የላትም?»

«አላት። ውድ ነው ብለን እንጂ...»

«ከልጄ ይወደዳል?»

ከራዲያተሩ ትኩስ ውሃ በጣሳ ቀድቼ መታጠፊያው ላይ አፈሰስሁ። አማቴ ከነጠላቸው ጫፍ ቀድደው ሰጡኝ። የረጋው ሞራ እየቀለጠ ሲወጣ በእሱ ጠረግሁት። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ እየመዘዝሁ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ረገጥሁ፣ ለቀቅሁ። ተመለሰ። ጎማው እስኪበርድ ጥቂት ጠብቀን ቁልቁል ወረድን።

ስንደርስ ምልምሎቹ ለመጫን ተሰልፈዋል። አማቴ ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ስሙ እስኪጠራ አልለቀቁትም። በመሐል የሞራውን ነገር ነገሩት መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀብኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንዲያ ሲስቅ ነው።

የሚስቴ ዘመዶች እናትና ልጅ ያገናኘህ እያሉ እስከዛሬ ይመርቁኛል። እኔ ግን ሞራ ቀቢው ነኝ። ያን ቀን ያደረሱን አማቴ ናቸው።