ከበር ሳንቃ የተጠረበ ሰደፍ

ሰደፍ ለጠመንጃ ይሠራል ይላሉ። ሐሰት ነው። ሰደፍ የሚሠራው ለትከሻ ነው። ይህን የምለው አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ በሕይወቴ የሠራሁት ሰደፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አስቀያሚ ነበር።

ትከሻው የገፊሩ ነበር። በዘጠናዎቹ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት በሠራተኝነት ስቀጠር የማውቀው ዐረብኛ ሶላት ላይ የሚባለውን ብቻ ነበር። ገፊሩ፣ ማለትም የበሩ ጠባቂ፣ እንደኔው የወሎ ሰው፣ የአባቴ እኩያ ነበሩ። እመቤቲቱ ከሰገነት "ያ ሕማራ!" ብላ ስትጮህብኝ እሳቸው ከበሩ ሆነው ይተረጉሙልኛል፦ "ቀስ በይ፣ እንዳይደክምሽ ነው የምትለው ልጄ።" ለወራት፣ በካርቱም እንደሷ ያለ ደግ ሴት የለም እያልሁ አርካዊት ሰፈር ላሉ የሀገሬ ልጆች፣ ለጓደኞቼ፣ አወራሁ። "ያ ሕማራ" ማለት "አንቺ አህያ" ማለት መሆኑን ስሰማ፣ ደግነቱ የማን እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ምስጥ መጣ። የገፊሩ ጠመንጃ የእመቤቲቱ ባል፣ የባለቤትየው፣ አባት ወፍ ያድኑበት የነበረ አሮጌ መሣሪያ ነው። አንድ ጠዋት ከክፍላቸው ጥግ ሲያነሡት ብረቱ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ሰደፉ ተበልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባለቤትየው ለሕክምና ካይሮ ነበር፣ ለዒድ ይመለሳል። እመቤቲቱ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ "እስኪመጣ ካልተጠገነ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አርጅተሃል። ጎረምሳ እንቀጥራለን።" ይህን አልተረጎሙልኝም፤ ያኔ ዐረብኛው ገብቶኝ ነበርና ራሴ ሰማሁት። ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ያለ ጠመንጃ ጠጋኝ ደግሞ የመሣሪያውን ፈቃድ ወረቀት ሳላይ አልነካም አለ። ወረቀቱም ከባለቤትየው ጋር ካይሮ ነው።

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኋቸው።

"አንች? ማንኪያ እንኳ ጠርበሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ክንድዎን አጠፍ ያድርጉልኝ።"

ከክርናቸው እጥፋት እስከ ሌባ ጣታቸው በገመድ ለካሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ወፍራም የማሆጋኒ በር ሳንቃ ከኦምዱርማን ገበያ በአውቶቡስ ታቅፌ አመጣሁ። እመቤቲቱ ቀትር ላይ ስትተኛ በገፊሩ ክፍል መጥረብ ጀመርሁ። ብረቱን በድስት ጥላሸት እቀባለሁ፣ እንጨቱ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ የጠቆረውን ቦታ በመሮ አነሣለሁ፤ ብረቱ ገጥሞ እስኪቀመጥ እንደገና። ዓርብ የመጡት የአርካዊት ጓደኞቼ ሳቅ ገደላቸው። "ጫካ ልትገቢ ነው? ስንቅ እንቋጥርልሽ?"

ቅርጹ ሲያልቅ የጀማሪ ሥራዬን ሠራሁ፦ የኩሽናውን የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት። የሰሊጥ ዘይት አይደርቅም። በማግሥቱ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሣና አቧራው ሲያልፍ ሰደፌ ዱቄት ተለውሶ ለመጥበስ የተዘጋጀ ዓሣ መሰለ። ገፊሩ አገላብጠው አዩት።

"ግዴለም፣ ሌባ ከመጣ እናበላዋለን።"

ያዳነኝ ተልባ ነው። እናቴ ተልባ የወቀጠችበት ዕቃ ሳይታጠብ ካደረ ጥፍር የማይፍቀው ቆዳ ያወጣ ነበር። ሰደፉን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት፣ ከሀገር የተላከልኝን ተልባ ወቅጬ በጨርቅ ቋጠርሁ፣ ዘይቱ እስኪወጣ አሸሁበት። የቀረውን ያቺ የምንረግማት የካርቱም ፀሐይ ሠራችው። ኋላ ስለ እንጨት የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከብዙ ገጽ በኋላ የሚነግሩኝ የተልባ ዘይት ቀቢ ነው። ገፊሩ ትከሻቸው ላይ አሳረፉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ትራስ ነው" አሉ።

ባለቤትየው ለዒድ መጣ። ጠመንጃውን አነሣ። ቁመተ ረጅም ነውና ሰደፉ አጠረው፤ ሳቀ። ከሚስቱ ጋር እኛ እንዳንሰማ ሲፈልጉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት። የቤቱን መጻሕፍት አቧራ ስጠርግ እየገለጥሁ መማሬን አያውቁም።

"የአህያ እግር ይመስላል" አላት። "ተዪው፣ ሽማግሌውም ይቆይ። ማን ሊሰርቀን ይመጣል?"

ገፊሩ ከበሩ ላይ ፊታቸው አመድ መስሎ ያዩኛል። "ምን አለ ልጄ?"

"የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው አለ። እርስዎም የትም አይሄዱም።"

 ጢማቸው ሥር ፈገግታ መጣ።

"አንች፣ እንዲህ መተርጎም ከማን ተማርሽ?"

እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። እናንተም፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሲሰደብ ከሰማችሁ፣ ዋሹለት።