ዱዓው ሳይዘጋ

የአልኮል ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ክንዴን ሳልጠየቅ እዘረጋለሁ። ሰሞኑን ለምርመራ ደም ልሰጥ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ፣ ደም የምትቀዳዋ ልጅ ጥጡን አርሳ ገና ሳታስጠጋኝ አፍንጫዬ ቀድሞኝ መካነ ሰላም፣ አሮጌው ቤታችን ገባ፤ ታላቅ እህቴ ዘይነባ ደጃፉ ላይ አስቀምጣኝ ክንዴን በላስቲክ ስታስር ታየችኝ።

ዘይነባ ደሴ አንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ትማር ነበር። ክረምት ሲገባ ትምህርቱ ይዘጋና፣ በወረኢሉ በኩል ጭቃ በጭቃ ሆና ትመጣ ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ደብተር፣ ጥጥና ትንሽ ጠርሙስ አልኮል ይበዛ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ክንዴን በአልኮል ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ደም ስሬን ትፈልግ ነበር እንጂ መርፌ አትወጋኝም ነበር። «ደም ስር የሚገኘው በዓይን አይደለም፣ በጣት ነው» ትለኝ ነበር። ለሰፈሩ ግን ጤና የተማረ ሁሉ ዶክተር ነበርና፣ ወገቡን ያመመውም ጥርሱን የነዘረውም እኛ ቤት ይመጣ ነበር፤ አንዱ ጎረቤታችንማ ላሜ አልታለብ አለች ብሎ መጣ። «እኔ እኮ የምመረምረው ደም ነው» ብትለው፣ «ታዲያ ላሜ ደም የላትም?» አላት። አባዬ ይህን ሲያወራ ደስታው ከፊቱ ይፈስ ነበር።

ጥቅምት ላይ ተመረቀች። ነገር ግን የብቃት ምዘና የሚሉት ፈተና ቀርቷት ነበር፤ እሱን ሳያልፉ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር ሥራ አያስይዝም። ቀኑ ጥር ላይ፣ ደሴ፣ በጠዋት እንዲሆን ተቆረጠ፤ ስለዚህ በዋዜማው ረፋድ ላይ፣ በቀን አንዴ ብቻ የሚወጣውን መኪና መያዝ ነበረባት። አባዬ ደግሞ ያለ ምርቃት አትሄድም ብሎ በዚያው በዋዜማው በግ አርዶ ወዳጃ አሰናዳ፤ ዘመድ ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም ሳይቀር፣ ዱዓ ሊያደርግላት ከማለዳው ጀምሮ ቤታችንን ሞላው። ዱዓውን የሚዘጉት ሼህ ከከላላ በበቅሎ ይመጡ ነበርና ዘገዩ።

ዘይነባ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ጥግ ተቀመጠች። የመኪናው ጥሩንባ ከመናኸሪያው ሲሰማ እማዬ «ኧረ ልጅቷን ልቀቋት፣ መኪናው ሊሄድ ነው!» አለች።

አባዬ አልተቆጣም። «ዱዓ ረግጦ የወጣ አይቀናውም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» አለ። ዘይነባ እሱን አየችው፣ በሩን አየችው፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችው። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ቦርሳ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ አንስቶ ያስያዛት አልነበረም፣ እኔም ሥጋው እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው። ሼሁ ደርሰው፣ «ያሰብሽውን አላህ ይሙላልሽ» ብለው እጃቸውን ሲያነሱ፣ እኛም አሚን ስንል፣ መኪናው ከሄደ ቆይቶ ነበር።

በማግሥቱ ተሳፍራ ደሴ ስትደርስ ፈተናው አልቆ በሩ ተዘግቷል። «ቀጣዩን ዙር ጠብቂ» አሏት። ጠበቀች። በልግ አለፈ፣ ክረምትም መጣ፣ በእሷ ሙያ ግን ዙሩ አልመጣም፤ እኛ ሳንቸኩል አፈሰስነው፣ መልቀሙ ለእሷ ብቻ ተረፈ። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ቦርሳ ይዛ ዓረብ አገር ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። ለዚያ ጉዞ ወዳጃ አልተደረገም፤ መኪናውም አላመለጣት።

የጤና ጣቢያዋ ልጅ ሦስቴ ወግታ ስታ በአራተኛው አገኘችው። አልተቆጣኋትም፤ ፈተናዋ ላይ በሰዓቱ የደረሰች ናት። ለዘይነባ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። ቤታቸውን የምታጸዳላቸው አሮጊት ስኳር አለባቸውና፣ በየጠዋቱ ጣታቸውን ወግታ የምትለካላቸው እሷ ናት። «ካንቺ በቀር ማንም እንዳይነካኝ ይሉኛል» አለችኝ።

አባዬ አሁን እሷ በላከችው ገንዘብ በተሠራው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ዱዓው ሰመረላት» ይላል። ያኔ ልጅ ነበርኩና አሚን ያልኩት ጮክ ብዬ ነበር። ዛሬ ይህን ማለት ሲጀምር ስሰማው፣ ሳይጨርስ ተነሥቼ እወጣለሁ።