ጋሼ አንድርያስ «ጨረስኩ» ሲሉ

እህቴ ማንያህልሻል (ማኒ ነው የምንላት)፣ እንግዳ «ጠገብኩ» ሲላት አምና አታውቅም። «በሞቴ» ብላ ትጨምራለች፤ እንግዳው ሳህኑን በእጁ ቢከድን እንኳ በጎን ታሾልክለታለች። እንግዲህ ይህችው ሴትዮ ናት የሰው ሥራ አልቋል አላለቀም ብላ የምትፈርድበት ሥራ ውስጥ የገባችው።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ በዲቪ የመጣነው አብረን ነው። ደሴ እያለን ማኒ ባንክ ቤት ትሠራ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለታችንም ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ማለት ነው፣ ገብተን ካርቶን አሸግን። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ፣ ደግሞም አልጠላሁትም። ካርቶኑ በቴፕ ይታሸጋል፣ መኪና ላይ ይወጣል፣ አለቀ። እሷ ግን ወገቧን ሲያማት ሞርስ ሮድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ኮርስ ወሰደች። ሌላ ሰው የሠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እየነካኩ ይሠራል አይሠራም ማለት ነው ትምህርቱ። ሥራውን ያስገኙላት ጋሼ አንድርያስ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ በስደት መጥተው ፒከሪንግተን ቤት የገዙ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ፕሮግራመር ናቸው። ለአለቃቸው ነገሩላትና በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ ኮንትራት አገኘች።

ጊዜው ኮሮና ስለሆነ ሥራው ከቤት ነው። ኖርዝላንድ ያለችው አፓርታማችን ኩሽና ቢሮ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ስክሪን ላይ ይሰበሰባሉ፤ አለቃቸው ዳያን ሰሌዳ ታሳያቸዋለች። እያንዳንዱ ሥራ እንደ ካርድ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ መጨረሻ ላይ «ዳን» የሚለው ረድፍ ውስጥ ሲገባ አለቀ ይባላል። እኔ ቁርሴን እየበላሁ እሰማለሁ። አንዱ ጽፎ ሲጨርስ ዳን ይላል። ሌላው ለአለቃ ሲያሳይ ዳን ይላል። ዳያን ደግሞ «ዳን ነው ወይስ ዳን ዳን?» ትላለች።

«ምን ማለቷ ነው?» አልኳት ማኒን።

«እኔስ መች ገባኝ» አለችኝ።

ሌላም ጣጣ አለ። ጋሼ አንድርያስን እዚያ ሁሉም «አንዲ» ይላቸዋል። ማኒ አፏ እምቢ ስላላት ስማቸውን ሳትጠራ ስብሰባው ያልቃል።

የሚሠሩት አሮጊትና ሽማግሌ ክሊኒክ የሚያደርሳቸውን መኪና በስልክ የሚያዙበት አፕ ነው። ጋሼ አንድርያስ የማዘዣውን ገጽ ሠሩና ካርዱን ራሳቸው ዳን ውስጥ ከተቱት። ማኒ ስትፈትሸው፣ የስልኩን ፊደል ስታተልቅ የማረጋገጫዋ ቁልፍ ከስክሪኑ ወርዳ ጠፋች። የስልክ ፊደል የሚያተልቀው ደግሞ ማነው? ሽማግሌ ነዋ።

ይህን ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ መጻፍ ነበረባት። ይሉኝታ ያዛት። እጇን ይዘው ያስገቧትን ሰው በፈረንጅ ፊት ልታጋልጥ? ለብቻቸው ኮል አደረገችላቸው።

«ጋሼ፣ ያቺ ገጽ ፊደል ሲተልቅባት ቁልፏ ትጠፋለች። እውነት አልቃለች?»

«ጨርሻታለሁ የኔ ልጅ። ፊደል ይተልቃል ብሎ ያዘዘኝ የለም።»

«እሺ ጋሼ።»

በማግስቱ ዳያን ስትጠይቃት «ይሠራል» አለች። በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝ። «እንግዳ ጠገብኩ ሲልሽ ሦስቴ ትለምኛለሽ፤ ሰውየው ጨረስኩ ሲሉሽ አንዴ ጠይቀሽ እሺ?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ እኔው ግራ ገብቶኛል» አለችኝ።

አፑ ሲወጣ ስልክ ይጎርፍ ጀመር። ቁልፏ ጠፍታባቸው ትዕዛዛቸው ሳይተላለፍ መኪና ይመጣል ብለው በር ላይ የቆሙ፣ የሐኪም ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች ናቸው። ዳያን ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ «ይህን አልቋል ያለው ማነው? ሰኞ ትነግሩኛላችሁ፤ የአንድ ሰው ኮንትራት ይቋረጣል» አለቻቸው። ማኒ ከዚያ ወዲያ እህል አልወረደላትም። እውነቱን ብትናገር ያስገቧትን ሰው ማስባረሯ ነው። ዝም ብትል ፈታሿ እሷ ናት፣ የምትባረረውም እሷ። አሳዘነችኝ፤ ቀልዴንም ተውኩ።

ቅዳሜ ጋሼ አንድርያስ ሳይደውሉ መጡ። ማኒ ጥብስ አቀረበች። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ቤት ዋጋ አወራን፤ ስለ ሥራው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ጥቂት ቀማመሱና «በቃኝ፣ ጠገብኩ» አሉ።

እሷም ሳህኑን አነሳችላቸው።

እኔ ክው አልኩ። ከእህቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እሳቸውም ባዶውን ጠረጴዛ አዩት።

«ዛሬ አትለምኚኝም?»

«ጠገብኩ አሉኝ እኮ።»

«መች ጠገብኩ። እስክለመን ነው እንጂ።» አሉና ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። «ያቺንም ገጽ ጨረስኩ ያልኩሽ እንዲሁ ነው። ደክሞኝ ነበር። አለማለቋን አውቄያለሁ። ትጨቀጭቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ አንዴ ጠይቀሽ ተውሽኝ።»

«እኔ? እርስዎን ልጨቅጭቅ?»

«ታዲያ ለምን አስገባሁሽ?»

ማኒ ሳህኑን እንደያዘች ቁጭ አለች። ልታለቅስ ነው ልትቆጣ ነው፣ እሷም የምታውቀው አልመሰለኝም። ከዚያ ሰኞ ማን ይናገር በሚለው «እኔ»፣ «የለም እኔ» ሲባባሉ አመሹና ሳይስማሙ ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ በሩ ጋ ቆምኩ። መሄድ አቃተኝ። ማኒ ስብሰባው ላይ በእንግሊዝኛ «አላለቀም ነበር። እያየሁ ይሠራል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ከጋሼ አንድርያስ በኩል ድምፅ የለም። ጥለዋት ሊሄዱ ነው ብዬ ልሳደብ አፌን ስከፍት፣ ለካ ማይካቸው ተዘግቶ ነው ሲናገሩ የቆዩት።

«እኔም አለማለቁን አውቅ ነበር» አሉ፣ ሲከፈትላቸው።

ዳያን ሁለቱንም ሰማችና «እንግዲያው ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ የማንም ኮንትራት አይቋረጥም። ግን ሳንስማማ ከዚህ አንወጣም። ሥራ አለቀ የምንለው መቼ ነው?» አለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ማኒ ማይኳን ዘጋችና ወደኔ ዞረች።

«መቼ ልበላቸው?»

«ሦስቴ ከለመንሽ በኋላ» አልኳትና ወደ ካርቶኔ ሄድኩ።

በምሳ ሰዓት ስደውልላት ገና አልጨረሱም። ስልኩን አነሳችው እንጂ እኔን አላናገረችኝም። «የለም ጋሼ፣ ይሄማ አላለቀም» ስትላቸው ሰማኋት፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት።