ባለሥልጣኑ እኛ ክፍል የገቡ ዕለት

የያዙኝ ከሱቄ ነው። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ሱቆቻችን የሚፈርሱት ለአንድ ሰው ሆቴል ቦታ ለማስለቀቅ እንደሆነ ስማቸውን ጠርቼ ተናገርኩ። ሰውዬው ነጋዴም የፓርቲ ኃላፊም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጡ። ለደንበኛ የጀመርኩትን ኮት አጥፌ እንዳስቀምጥ ብቻ ፈቀዱልኝ።

የታሰርኩበት ክፍል የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። ሃያ ሁለት ነበርን፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን።

አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ረፋዱን፣ በሩ ተከፈተና ሰውዬው ራሳቸው ገቡ። ከፓርቲያቸው ጋር ተጣልተው ኖሯል። ቀበቶአቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠዋል። ለምን እንደታሰርኩ ነግሬያቸው ስለነበር ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

የክፍላችን አለቃ የባጃጅ ሹፌር ነበር። «አባባ፣ እዚህ ደንብ አለ» አላቸው። «አዲስ የገባ ሰው ቆሞ ማን እንደሆነ ይናገራል።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች...» ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሱሪው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ወደቀ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰውዬው ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን ሲያነሱ እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

ከአንሶላዬ ጠርዝ ቀጭን ጨርቅ ቀደድኩና ቀረብ ብዬ ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው።

«ተባረክ ልጄ። ሙያ አለህ» አሉኝ።

«ስብሰባው ላይ የተናገርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይታሰር ያልኩት እኔ አይደለሁም» አሉ። «ግን ነግረውኛል። ዝም አልኩ።»

«ይህንኑ ለሁሉም ይናገሩልኝ።»

ወገባቸው ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ አጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ በስብሰባ ድምፃቸው ሳይሆን በተራ ሰው ድምፅ፣ «ይህ ልጅ እውነት ተናግሮ ነው የታሰረው። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አሉ።

አለቃችን ማጨብጨብ ጀመረ። አንዱ በሲዳምኛ ዘፈን አነሳ፤ ሌሎቻችን ቃሉን ባናውቀውም ተቀበልን። ጠባቂው በሩን እየደበደበ «ምን ተገኘ?» ሲል፣ «ሰርግ ነው!» አልነው።

አሁን ሁለታችንም ከእስር ወጥተናል። ሆቴሉ የእኔ ሱቅ በነበረበት ቦታ ቆሟል፤ እኔ ታቦር ሰፈር እሰፋለሁ። ሀዋሳ ውስጥ ሰውዬውን ከተማዋን አሳደጓት የሚልም፣ በሏት የሚልም አለ። እኔን ሲጠይቁኝ ቦታዬን እንደወሰዱብኝ እናገራለሁ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው እውነቱን እንደተናገሩም እናገራለሁ። አንዱን ብተወው ውሸታም እሆናለሁ። ደንበኞቼ ግን ያን የክፍላችንን «ሰርግ» ስላላዩ፣ ይህን ሳወራ ለምን ፊቴ እንደሚፈካ አይገባቸውም።